ግለ ሂስ ከአል ዋዓብ



በዚህ ዓምድ እስከ ዛሬ የቀረቡት ግለ ሂሶች መዋጮ ስለ ማዘግየት፣ ከስብሰባ ስለ መቅረት፣ አልፎ አልፎም ስለ ጎጠኝነት ነበሩ። እኛ የምናቀርበው ከእነዚህ የተለየ ነው። ይህን የምንጽፈው ሁለት እህትማማቾች ነን፤ ጥፋቱን የሠራነውም በማኅበሩ ውስጥ ሳይሆን በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ወንድማችን ላይ ነው። የቤት ገመና በመጽሔት ምን ይሠራል የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ባለፈው ሰሞን በማኅበራችን የቡና ምሽት ላይ ከአገር ቤት የመጣ አንድ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ነበር። በቪዲዮው ላይ የሚደበደበው ወጣት «ግብረ ሰዶማዊ ነው» ተብሎ ነው። ስለ ሰብዓዊ መብት መግለጫ ከምናወጣው መካከል የሣቁ ነበሩ፤ «ይበለው» ያሉም ነበሩ። እኛ ሁለታችን አልሣቅንም፤ ነገር ግን አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ያን ሌሊት ወደ ማደሪያችን ስንመለስ፣ ዝምታችን ቀድሞ ከሠራነው በደል የማይለይ መሆኑን ተነጋገርን። ስለዚህ እንጽፋለን። ወንድማችን ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦታል፤ ስሙና ያለበት አገር እንዳይገለጽ የጠየቀውም እሱ ራሱ ነው።

ያደግነው ኳታር፣ አል ዋዓብ በሚባለው የዶሃ ሠፈር ነው። ሠፈሩን የማያውቅ አንባቢ የኸሊፋን ስታዲየም ሳያውቅ አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሙክታር ኢድሪስ በ5 ሺህ ሜትር አንደኛ፣ ሰለሞን ባረጋ ሁለተኛ የወጡት እዚያ ነው። የስታዲየሙ መብራት ከጣራችን ላይ ይታያል። አባታችን በ1999 ዓ.ም. ለአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ሄደ፤ እናታችንና እኛ ሦስታችን ተከተልነው። ቤታችን ለብዙ ቤተሰብ ከተከፋፈለ ቪላ ውስጥ ሁለት ክፍል ነበረ። በኳታር የሳምንቱ ዕረፍት ዐርብ በመሆኑ ክርስቲያኑም በብዛት የሚሰበሰበው ዐርብ ነው፤ እኛም በየሳምንቱ በመሳይሚር ወደሚገኘው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢ እንሄዳለን። ወላጆቻችን ሰባቱን አጽዋማት የሚጾሙ፣ ያለ ጸሎት እህል የማይቀምሱ ሰዎች ናቸው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእናታችን ቤት ቡና ይፈላል። የሚመጡትም በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። ዐርብ ዕረፍት የሚሰጣቸው ይመጣሉ፤ የማይሰጣቸው በስልክ ድምፅ ይልካሉ። እናታችንን «እትዬ» ይሏታል። ያጠራቀሙትን ብር የምታስቀምጥላቸው፣ ስትታመሙ የምታስታምም፣ አንዷ ስትሞት አስከሬን ለመላክ መዋጮ የምትሰበስብ እሷ ነበረች። አባታችን ደግሞ ጸሐፊያቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቅዷል፤ ከማርች 2021 ጀምሮም ዝቅተኛው ደመወዝ 1000 ሪያል ሆኗል። የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው። ሕግ ሌላ፣ የማዳም መሳቢያ ሌላ ነውና፣ ፓስፖርታቸው የተቆለፈባቸው ልጆች ወደ አባታችን ይመጣሉ፤ እሱም ማመልከቻ ይጽፍላቸዋል። «የሰውን ፓስፖርት የቆለፈ ሰውየውን ቆለፈ» ይል ነበር። ይህን ቃል አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ታላቅ ወንድማችን በውጭ አገር የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ዶሃ ተመለሰ፤ ለዓለም ዋንጫው ሰሞንም በጊዜያዊ ሥራ ተቀጠረ። ኖቬምበር 23 ቀን ጀርመንና ጃፓን በኸሊፋ ስታዲየም ሲጋጠሙ እኛ ቤት ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን እናያለን፤ የሕዝቡ ጩኸት በመስኮት ይሰማል። የጀርመን ተጫዋቾች ለፎቶግራፍ ሲቆሙ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባታችን «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድማችን ነገሩን አስረዳው፤ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸውን ሰዎች ለመደገፍ አምበሎቹ ሊያስሩት የነበረውን የክንድ ጨርቅ ፊፋ እንደ ከለከለና ተጫዋቾቹም ይህን ለመቃወም እንዳደረጉት ነገረው። አባታችን አማተበና «እግዚአብሔር ከዚህ ይሰውረን» አለ። ወንድማችን ተነሥቶ ወደ ጣራ ወጣ። ሲወጣ ስልኩን ሶፋው ላይ ረስቶት ነበር።

ጥፋታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የስልኩ ብርሃን በራ፤ ከአንድ ወንድ የተላከ መልእክት ነበር፤ አነበብነው። አንዱን ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ ሄደን ብዙውን አነበብን። በማግስቱ የነቢያት ጾም ገባ። ሦስት ቀን ተመካክረን በአራተኛው ቀን ለእናታችን ነገርናት። ለምን? «ለእሱው ብለን ነው» አልን። «ይድናል» አልን። ሐቁ ግን ሌላ ነበር። በዐርቡ ቡና ላይ ነገሩ ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ ምን እንባላለን ብለን ፈርተን ነበር። እሱን አላማከርነውም። የአንድን ሰው ምሥጢር ከእሱ ነጥቀን፣ እሱ ገና ድፍረት ያልሰበሰበበትን ነገር እኛ በእሱ ስም ተናገርን።

አንባቢ የነገሩን ክብደት ይረዳ ዘንድ ሕጉን እንጥቀስ። በኳታር ሕግ በወንዶች መካከል የሚፈጸም ግንኙነት እስከ ሰባት ዓመት እሥራት ያስቀጣል። በአገራችንም የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይከለክለው ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 በእሥራት እንዲቀጣ ደንግጓል። እንግዲህ ወንድማችን በተወለደበትም ሆነ ባደገበት አገር ወንጀለኛ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ሳይፈራ ሊገባበት ይገባ የነበረው ቦታ በአል ዋዓብ ያለው ሁለት ክፍል ብቻ ነበር፤ እኛ ግን እሱኑ ዘጋንበት።

እናታችን አልጮኸችም። ሁለት ቀን ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ሰነበተች። አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን በስሙ አልጠራውም፤ ማዕድ ላይ እንኳ ጨው ሲፈልግ በእኛ በኩል ነበር የሚያስጠይቀው። ዘመዶች «ጠበል ያስለቅቀዋል» አሉ። ስለዚህ በታኅሣሥ እናታችን ልጇን ይዛ ወደ አዲስ አበባ በረረች፤ ከከተማው ዳር ካሉት የጠበል ሥፍራዎች ወደ አንዱ አስገባችው። እሱም አልተከራከረም። «እሷ እንድታርፍ ብዬ ነው» አለን ከብዙ ጊዜ በኋላ። ገና ጨለማ ሳለ በብርድ እየተጠመቀ፣ በመቁጠሪያ እየተመታ፣ «ልቀቅ!» እየተባለ ሁለት ሱባኤ ቆየ። ሊለቅ የሚችል ነገር ግን አልነበረም። ከዚያም ከአክስታችን ጋር እንዲቀመጥ ተወሰነ። እናታችን ወደ ዶሃ ስትመለስ የልጇን ፓስፖርት በቦርሳዋ ይዛ ተመለሰች። «እንዳይጠፋበት» አለች። አባታችንም ተቀብሎ የማመልከቻ ወረቀቶቹን በሚያኖርበት የብረት መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው። በወቅቱ ከአራታችን አንዳችንም ያደረግነውን አላየንም።

ወራት አለፉ። ቀድሞ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀበለው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ገና አላለፈም ነበር። ፓስፖርቱን ቢጠይቅ «ቆይ» ተባለ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጣ። አንባብያን እንደምታስታውሱት፣ በዚያ ወር የአዲስ አበባ አስተዳደር ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለ ድርጅት፣ ሰዎች ይገረፉ፣ ይወጉ፣ ይገደሉ የሚሉ ቪዲዮዎች በቲክቶክ እየተሠራጩ መሆናቸውን ገልጾ አቤቱታ አሰምቶ ነበር። ይህ ሁሉ ለእኛ ወሬ ነበር፤ የወንድማችን ፎቶግራፍ ከእነ ሠፈሩ ስም በስልክ እስኪዞር ድረስ።

ፎቶግራፉን ለእናታችን የላከችላት ከቡና ጓደኞቿ አንዷ ናት፤ የማን ልጅ መሆኑን ሳታውቅ፣ «እትዬ፣ እዩ አገራችን የደረሰችበትን» ብላ። በሥሩ የተጻፈውን እናታችን አንድ በአንድ አነበበች። የሚገድለውን የሚመርቁ ነበሩ። የእመቤታችንን ስም ጠርተው፣ በዚያው አፍ ደሙ እንዲፈስ የሚለምኑ ነበሩ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ እናታችን ከቅዳሴ መልስ ነበረች። ያን ምሽት በአገር ቤት ላሉት የንስሐ አባቷ ደወለች። ስልኩ ክፍት ስለ ነበረ ሁላችን ሰምተናል። «ቤተ ክርስቲያን የምትለውን ታውቂያለሽ፤ እሱን አልለውጥልሽም» አሏት። «ልጅሽን ለሚገድለው አሳልፈሽ ስጪ የሚል ቃል ግን ከእኔ አፍ አትሰሚም። ሂዱና አውጡት።»

እናታችን ስልኩን ዘግታ የብረት መሳቢያውን ቁልፍ ጠየቀች። አባታችን ከፈተው። ከውስጡ የብዙ ልጆች ማመልከቻ ቅጂ ወጣ፤ «ፓስፖርቴ እንዲመለስልኝ» የሚሉ ናቸው። ከሥራቸው የወንድማችን ፓስፖርት ነበር። እናታችን ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ለረዥም ጊዜ ቆመች። ከዚያም «ከማዳሞቹ በምን ተሻልን?» አለች። አባታችን አልመለሰላትም። ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በማግስቱ ማታ ፓስፖርቱን በደረት ኪሱ ይዞ ወደ አዲስ አበባ በረረ።

ቦሌ ላይ የሆነውን የነገረን አባታችን ራሱ ነው። ዘጠኝ ወር ያላናገረውን ልጁን ከአክስታችን ቤት አውጥቶ በሌሊት አውሮፕላን ጣቢያ አደረሰው። በታክሲው ውስጥ ሁለቱም አልተናገሩም። ልጁ እጅግ ከስቶ ነበር። አባታችን የሚናገረው ቢያጣ ሄዶ እንቁላል በዳቦ ገዛና «ብላ፤ መንገደኛ ነህ» አለው። ልጁም «ፍልሰታ ነው እኮ አባዬ» አለ። አባታችን ይህን ሲነግረን እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቆማል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህ ልጅ ከሃይማኖቱ ወጥቷል ብሎ ያዝን የነበረው እሱ ነው፤ እንቁላሉን የገዛውም እሱ ነው። ልጁ ግን በሰው ቤት ተደብቆ፣ ስሙ በየስልኩ እየተረገመ፣ ጾሙን ይጾም ነበር። አባታችን እንቁላሉን ለአንድ የጽዳት ሠራተኛ ሰጥቶ ልጁን አንገቱን አቅፎ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተቃና ብንል ግን ዋሽተናል። እናታችን ዛሬም በጸሎቷ ስለ እሱ የምትለምነው ምን እንደ ሆነ አንጠይቃትም። አባታችን ዛሬም ቃሉን በአፉ አይጠራም። ነገር ግን በየሳምንቱ ዐርብ ይደውልለታል፤ ከመዝጋቱም በፊት «ጓደኛህ ደኅና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን የጓደኛውን የሥራ ፈተና ውጤት ሳይቀር ይከታተላል። እናታችን ደግሞ በዐርቡ ቡና ላይ ያ ወሬ እንደገና ሲነሣ ሲኒውን አስቀምጣ «የምታወሩት ስለ ልጄ ነው» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ የቀሩ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን በሚቀጥለው ዐርብ ተመልሰው መጡ። አንዲት ልጅ ከሌሎቹ ኋላ ቀርታ ስኒ እያጠበች፣ ወሎ ያለው ታናሽ ወንድሟም እንዲሁ መሆኑንና ለማንም ነግራ እንደማታውቅ ለእናታችን ነገረቻት።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሃይማኖትና የዘመናዊነት ግጭት ተደርጎ ይቀርባል። ወላጆች ልጃቸውን ለመቀበል በመጀመሪያ እምነታቸውን መጣል አለባቸው ይባላል። በእኛ ቤት የሆነው ይህ አይደለም። ወላጆቻችን አንድም ጾም አልፈቱም። የተለወጠው፣ በሌላው ቤት ሲያዩት ወዲያው ያወቁትን በደል በገዛ ቤታቸው ማየታቸው ነው። ፓስፖርት መቆለፍ ግፍ መሆኑን የሚያስተምራቸው አላስፈለጋቸውም፤ ለዓመታት ሲታገሉት የኖሩት ነው። ለልጃቸው የከለከሉት ለማያውቋቸው ልጆች ሲሰጡት የኖሩትን ፍትሕ ነበር። ሃይማኖት የመሰለንም ነገር ሲገለጥ አብዛኛው ይሉኝታ ሆኖ ተገኘ።

ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ እንዳይመስል ሌሎችንም እንጥቀስ። የኒውዮርክ አስተማሪዋ ጂን ማንፎርድ ልጃቸው ሞርቲ እ.ኤ.አ. በ1972 በራሪ ጽሑፍ ሲያድል ሲደበደብ ለጋዜጣ ጻፉ፤ በዚያው ዓመትም ከልጃቸው ጎን ተሰለፉ። በማርች 1973 ሃያ ያህል ሰዎች ሆነው ያደረጉት የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ የተካሄደው በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በአህጉራችንም የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ልጅ፣ ቄስ የነበረችው ምፖ ቱቱ፣ በ2015 ሴት አግብታ በማግስቱ ዓመት የክህነት ፈቃዷን መልሳለች፤ አባቷ ግን ከጎኗ አልራቁም። ራሷ ኳታርም ብትሆን ናስር መሐመድ የተባለ ሐኪም ልጅ አላት፤ በ2022 ከአሜሪካ ሆኖ ማንነቱን በይፋ ተናግሯል። «በሽታ ነው» ለሚሉም፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች መዝገብ አውጥቶታል።

በአገራችን የሃይማኖት መሪዎች በ2001 ዓ.ም. ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ መጠየቃቸውን እናውቃለን። የእነሱን አቋም በአንድ ጽሑፍ እንለውጣለን ብለን አንመጻደቅም። የምንናገረው ከእኛ ቢጤዎች ጋር ነው። በአገራችን ያሉ እንዲህ ያሉ ሰዎች በመካከላቸው «ዜጋ» እየተባባሉ ይጠራራሉ። ቃሉን ከወንድማችን ስንሰማ አፈርን። እኛ ተማሪዎች ስለ ዜግነት ስንት ወረቀት ጽፈናል፤ እነሱ ግን ቃሉን ያለ ወረቀት፣ በሹክሹክታ ሲጠሩበት ኖረዋል።

ስለዚህ በበኩላችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ ሲደርሳችሁ አታስተላልፉ፤ በሥዕሉ ያለው የአንዲት እትዬ ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ የማንንም ምሥጢር «ለእሱው ብዬ ነው» ብላችሁ ለወላጆቹ አትንገሩ፤ ጊዜውን የሚመርጥ ባለቤቱ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ወላጆች ደንግጠው ወደ እናንተ ሲደውሉ፣ ውጭ ስለምትኖሩ ይደውላሉና፣ አትሳለቁባቸው፤ አትስበኩባቸውም። ከእነሱ ጋር ቆዩ፤ በሌላው ላይ ሲሆን የሚያውቁትን ግፍ አስታውሷቸው።

እኛ ወንድማችንን ይቅርታ የጠየቅነው በ2016 ዓ.ም. ለፋሲካ ስንደውልለት ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ስልኬን ያነበባችሁ ቀን ልነግራችሁ ከጣራ እየወረድኩ ነበር» አለን። ይህን ከእንግዲህ ይዘነው እንኖራለን።

ግለ ሂሳችን ይኸው ነው። ሂሱን ከእናንተ እንጠብቃለን።